በሰባትና በሃምሳ ሳንቲም መካከል ያለው ገንዘብ የማን ነው?

ለውሃና ኢነርጂ ሚኒስቴር
ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል
ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ከጅግጅጋ ወደ ሐርጌሳ ሊዘረጋ የሚችለውን የኤሌክትሪክ መስመር ትርፍ ማን ማን እንደሚካፈለው ከግንባታው በፊት በውል እንዲወሰን ስለመጠየቅ

ክቡራን፣

የምጽፍላችሁ ከሐርጌሳ፣ 26 ጁን ከሚባለው ክፍለ ከተማ ነው። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ሶማሌላንድ ከእንግሊዝ አገዛዝ ነፃ ከወጣችበት ከ26 ጁን 1960 እ.ኤ.አ. ነው። እኔ እዚህ የምኖር ኢትዮጵያዊ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ። አዲስ ቤት ሲሠራ ሽቦ እዘረጋለሁ፣ የተቃጠለ ብሬከር እቀይራለሁ፣ «ይህ ሁሉ ሂሳብ ከየት መጣብኝ?» ብሎ ለሚጠራኝ ሰው ቆጣሪውን አይለታለሁ። መሐንዲስ አይደለሁም፤ ባለ ፒንሳ ነኝ። ስለ መብራት ዋጋ የማውቀውን ያስተማረኝ የሰው ቤት ቆጣሪ ስለሆነ፣ የምለውንም በዚያው ልክ ውሰዱልኝ።

ጥያቄዬን ከመጀመሪያው ላስቀምጥ። ኢትዮጵያ ለኬንያ የምትሸጠው ኤሌክትሪክ በኪሎ ዋት ሰዓት ከ7 የአሜሪካ ሳንቲም በታች ነው። በሶማሌላንድ ከተሞች ደንበኛው ለብዙ ዓመታት ሲከፍል የኖረው ከ50 ሳንቲም ጀምሮ እስከ አንድ ዶላር ነው። ጅግጅጋ የደረሰው የኢትዮጵያ መስመር አንድ ቀን ሐርጌሳ ቢገባ፣ በሁለቱ ዋጋዎች መካከል ከ40 ሳንቲም የሚበልጥ ልዩነት ይፈጠራል። ያንን ልዩነት ማን ይወስደዋል? የኃይል ሻጩ ነው? በመካከል ያለው አከፋፋይ ነው? መስመሩ በደጁ የሚያልፈው አርብቶ አደር ነው? ለግድቡ መሬቱን የለቀቀው ገበሬ ነው? ወይስ ማታ አምፖሏን የምታበራው የሐርጌሳ እናት? የእኔ አቤቱታ ባጭሩ፣ ይህ ጥያቄ ምሰሶ ከመተከሉ በፊት መልስ ያግኝ የሚል ነው። አበው «ቀድሞ ነበር መጥኖ መደቆስ» የሚሉት ለዚህ ዓይነቱ ጉዳይ ነው።

የዚህ ከተማ መብራት እንዴት እንዲህ እንደ ተወደደ ማወቅ ለውሳኔያችሁ ይጠቅማል። በ1980 ዓ.ም. የሶማሊያው ገዢ የዚያድ ባሬ ጦር ሐርጌሳን በአውሮፕላንና በመድፍ ሲደበድባት ቤቱ ብቻ አልፈረሰም፤ የመንግሥት የመብራት ድርጅትም ማመንጫውንና መስመሩን አጣ። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ከስደት የተመለሰ ነጋዴ ጄኔሬተር ገዝቶ ሱቁን አበራ፤ የተረፈውን በሽቦ ለጎረቤቱ ሸጠ። ዛሬ ከተማውን የሚያበሩት የግል ኩባንያዎች ያደጉት ከዚያ ጅምር ነው። ያለ ባንክና ያለ መንግሥት በጀት ከፍርስራሽ ተነስቶ ከተማ ማብራት ቀላል ሥራ አይደለምና ክብር ይገባቸዋል። ዋጋውን የሰቀለው ግን የአሠራሩ ጠባይ ነው። ናፍጣው በመርከብ በርበራ ይራገፋል፤ በቦቴ ዳገቱን ወጥቶ ይመጣል፤ በጄኔሬተር ይቃጠላል። በአንድ መንገድ የሁለትና የሦስት ኩባንያ ሽቦ ጎን ለጎን ሲሄድ ኖሯል፤ በየመስመሩም ብዙ ኃይል ይባክናል። በዓለም ገበያ ነዳጅ በተወደደ ቁጥር ሂሳቡን የሚከፍለው መጨረሻ ላይ ያለው ቆጣሪ ነው።

እርግጥ ናፍጣው ብቻውን አይደለም። ባለፉት ዓመታት ኩባንያዎቹ ከከተማው ዳር የፀሐይ ፓኔል እየተከሉ ከጄኔሬተሮቻቸው ጋር አገናኝተዋል። ሐርጌሳ ላይ ፀሐይ አትጠፋም፤ ሐጋ በሚሉት ወቅት፣ ከሰኔ እስከ ነሐሴ፣ ነፋሱም ቆርቆሮ ያንኮሻኩሻል። ሆኖም ንጹሕ ኃይል መምጣቱና ጥቅሙ ለሁሉ እኩል መድረሱ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሆቴሉና ትልቁ መደብር ጣሪያቸው ላይ ፓኔል ሰቅለው ሂሳባቸውን ቀንሰዋል። ስቴት ሃውስ በሚባለው የተፈናቃዮች መንደር ወይም ዳሚ በሚባለው የድሆች ሰፈር የሚኖር ሰው ግን ከጨርቅና ከቆርቆሮ በተሠራ ጎጆው ላይ ፓኔል የሚያቆምበት ቦታ የለውም፤ ቢኖረውም መግዣው የለውም። ስለዚህ ከሁሉ ያነሰ የሚጠቀመው ሰው ለአንዷ ኪሎ ዋት ሰዓት ከሁሉ የበለጠውን ዋጋ ይከፍላል።

ይህን በምጣድ ላስረዳችሁ፤ ምጣድ ሁላችንም የምናውቀው ዕቃ ነው። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ሦስት ኪሎ ዋት ተኩል ገደማ ይስባል። ለሳምንት የሚበቃ እንጀራ ለመጋገር አንድ ሰዓት ተኩል ቢሠራ አምስት ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይበላል። በ50 ሳንቲም ሂሳብ ሁለት ዶላር ተኩል ማለት ነው፤ በ7 ሳንቲም ቢሆን 35 ሳንቲም። አዲስ አበባ፣ ደሴ ወይም ድሬዳዋ ያለች እናት መብራት በመጣ ጊዜ ሁሉ ምጣዷን ትሰካለች። እዚህ ያሉ እህቶቻችን ይህን አይሞክሩትም፤ የሚጋግሩት በከሰል ነው። ሶማሊዎቹ ጎረቤቶቻችንም ላሆህ የሚሉትን ስስ እንጀራቸውን የሚያወጡት በዚያው በከሰል ነው። ከሰሉ የሚመጣው ከገጠር ከተቆረጠ ግራር ነው፤ ግራሩ ሲያልቅ የግመሉና የፍየሉ ግጦሽ አብሮ ያልቃል፤ ግጦሽ ያጣው አርብቶ አደር ደግሞ ከተማ ገብቶ መልሶ ከሰል ገዢ ይሆናል። ሐርጌሳ ርካሽና ንጹሕ ኤሌክትሪክ ብታገኝ የመጀመሪያው ውጤት የሚታየው ጓዳ ውስጥና ጫካ ውስጥ ነው።

ከጅግጅጋ እስከ ሐርጌሳ በመንገድ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ይህን መንገድ ጫት በየቀኑ ይሄድበታል፤ ጠዋት የተቆረጠ ጫት ሳይጠወልግ የድንበሯን ከተማ ቶጎ ውጫሌን አልፎ እዚህ ይሸጣል፣ ዋጋውም በዶላርና በሽልንግ ተመልሶ ይሄዳል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እዚህ ያርፋል። የበርበራ ወደብ ኢትዮጵያን ታሳቢ አድርጎ ተስፋፍቷል፤ ከበርበራ እስከ ውጫሌ ያለው መንገድም እንደዚሁ። በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ኢትዮጵያና ሶማሌላንድ የፈረሙት የመግባቢያ ሰነድና በቀጣዩ ዓመት ኢትዮጵያና ሶማሊያ በአንካራ ያወጡት መግለጫ ያስነሱትን ክርክር ለባለጉዳዮቹ እተወዋለሁ። እኔ የምለው፣ ለጫት፣ ለሲሚንቶና ለአውሮፕላን ትኬት የተገኘ የንግድ መንገድ ለኤሌክትሪክ አይጠፋም ነው። የቀጠናው የኃይል ትስስር ጉዳይ በተነሳ ቁጥር የዚህ መስመር ስምም አብሮ ይነሳል። ስለዚህ መምጣቱን ትቼ አመጣጡን ልጠይቅ።

መጀመሪያ ከእኛው ወገን ልጀምር፤ የራስን ደጅ ሳይጠርጉ ስለ ጎረቤት ግቢ ማውራት ነውር ነውና።

ታላቁ የኅዳሴ ግድብ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. መሠረቱ ተጥሎ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ፣ በሐርጌሳ የምንኖር ኢትዮጵያውያንም እንደ ሌላው ዳያስፖራ ደስ ብሎናል። 5,150 ሜጋ ዋት ማመንጨት የሚችል፣ በሕዝብ ቦንድና መዋጮ ጭምር የቆመ ግድብ የማንም ስጦታ አይደለምና ልንኮራበት ይገባል። ነገር ግን ኃይል ማመንጨት አንድ ሥራ ነው፤ ማድረስ ሌላ ሥራ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የብሔራዊ ኤሌክትሪፊኬሽን ፕሮግራም ሁለተኛ ዕትም እ.ኤ.አ. በ2025 መላው ሕዝብ፣ 65 ከመቶው በዋናው መስመር፣ 35 ከመቶው ከመስመር ውጭ በሆነ ዘዴ፣ ኤሌክትሪክ እንዲያገኝ አቅዶ ነበር። ዓመቱ መጥቶ ሲያልፍ ከሕዝባችን ግማሽ ያህሉ ገና መብራት አላየም። የጎደለው ተርባይን አይደለም፤ ትራንስፎርመር፣ ምሰሶ፣ ሽቦና ቆጣሪ ነው። እነዚህ ደግሞ አብዛኛውን የሚገዙት በውጭ ምንዛሪ ነው።

የጎደለው የት እንደ ጎደለ ካርታው ላይ ተመልከቱ። ኦሞራቴ የምትባለው የዳሰነች ከተማ የምትገኘው በኦሞ ወንዝ ዳር፣ 1,870 ሜጋ ዋት ከሚያመነጨው ከግልገል ጊቤ ሦስት በታች ነው። የወንዙ ውሃ ተርባይን አሽከርክሮ በፊቷ ያልፋል፤ እሷ ግን መብራት ያገኘችው ከአነስተኛ የፀሐይ ማመንጫ ነው። ፀሐዩ ባይመጣ ከዚህም የባሰ ነበርና ማመስገን ይገባል፤ ቢሆንም ወንዙ የእሷ ሆኖ ኃይሉ የሩቅ ሰው መሆኑን ማንም ያያል። በጉባ የኅዳሴው ግድብ የንጋት ሐይቅ ሲሞላ የጉሙዝ ቤተሰቦች ቀያቸውን ለቀዋል። ከወላይታ ሶዶ ተነስቶ በቦረና በኩል ኬንያ ሱስዋ የሚደርሰው መስመር 1,045 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፤ እስከ 2,000 ሜጋ ዋት ይሸከማል። ከስሩ ከብት የሚያግዱ ሰዎች ግን ምሰሶውን ጥላ ከማድረግ በቀር አይጠቀሙበትም።

እዚህ ላይ የሙያዬን ልናገር። የኬንያው መስመር ቀጥተኛ ፍሰት፣ ማለትም ዲሲ ነው። ዲሲ ለረጅም ርቀት ያዋጣል፤ ጉዳቱ ግን በመንገድ ላይ ቀንሶ ለመንደር መስጠት እጅግ ውድ የሆነ መቀየሪያ ጣቢያ መጠየቁ ነው። ስለዚህ የቦረና ሰው ለምን አልደረሰኝም ቢል ቴክኒካዊ መልስ አለ። ከጅግጅጋ ሐርጌሳ ግን አጭር መንገድ ነው። እንዲህ ላለው ርቀት የተለመደው ተለዋጭ ፍሰት፣ ኤሲ፣ ይበቃል። ኤሲ ከሆነ በየመንገዱ ማከፋፈያ ጣቢያ ማቆም፣ ትራንስፎርመር መስቀል፣ ለቀበሌ መስጠት ይቻላል። በዚህ መስመር ስር ጨለማ ቢቀር ተጠያቂው ቴክኖሎጂው አይሆንም። በጀቱን ያወጣው ሰው ይሆናል።

ምሥራቁ ለንጹሕ ኃይል እንግዳ አይደለም። በሶማሌ ክልል አይሻ ላይ 120 ሜጋ ዋት የነፋስ ማመንጫ ተተክሏል። በዚያው ክልል ጋድ ላይና በአፋር ዲቼቶ ላይ እያንዳንዳቸው 125 ሜጋ ዋት የሚሆኑ የፀሐይ ማመንጫዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ጨረታ ወጥቶባቸው ነበር። አሸናፊው ያቀረበው ዋጋ በኪሎ ዋት ሰዓት ከ3 ሳንቲም በታች ነበር፤ በጊዜው በአፍሪካ ከተሰሙት ዝቅተኛ ዋጋዎች አንዱ ነው። ውል ተፈርሞ ሳይገነቡ ቀሩ። ከጋድ ፀሐይ የሚገኝ ኃይል በ3 ሳንቲም ሊሸጥ ሲችል፣ ያችው ፀሐይ ሁለት መቶና ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ራቅ ብላ ሐርጌሳ ላይ ስትወጣ ሰው 50 ሳንቲም እየከፈለ በናፍጣ ሲያመሽ ኖሯል። በመሐል የጎደለው ሰማይ ሳይሆን ውል፣ ብድርና ምሰሶ ነው።

እንዲህ ያለ ጥያቄ የገጠመን እኛ ብቻ አይደለንም። ሞዛምቢክ በዛምቤዚ ወንዝ ላይ 2,075 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ካሆራ ባሳ የሚባል ግድብ አላት። በፖርቱጋሎች ዘመን ተሠርቶ ኃይሉ በረጅም መስመር ወደ ደቡብ አፍሪካ ይሄዳል። ለአሠርት ዓመታት የጆሃንስበርግ ፋብሪካ በዛምቤዚ ውሃ ሲሠራ የዛምቤዚ ዳር መንደሮች በኩራዝ አምሽተዋል። ቅርብ ወዳለው ስንመጣ፣ በኬንያ ማርሳቢት 365 ተርባይኖች ያሉት የቱርካና ሐይቅ የነፋስ ማመንጫ 310 ሜጋ ዋት ያመነጫል፤ ኃይሉ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ የሚሄደው የእኛም መስመር ወደሚደርስበት ወደ ሱስዋ ነው። የአካባቢው አርብቶ አደሮች መሬቱ የተወሰደው ያለ አግባብ ነው ብለው ከሰሱ፤ ፍርድ ቤትም በ2021 እ.ኤ.አ. የመሬቱ የይዞታ ወረቀት ሕግ ተጥሶ የተሰጠ ነው ብሎ ፈረደ። ነፋሱ ንጹሕ ነበር፤ ውሉ ግን ንጹሕ አልነበረም።

ቀድመው የመጠኑም አሉ። ኖርዌይ በ1917 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ ወንዛቸው ለኤሌክትሪክ የተጠለፈባቸው ወረዳዎች ከሚመነጨው ኃይል እስከ 10 ከመቶ ድረስ በማምረቻ ዋጋ የመግዛት መብት አላቸው። ሕጉ መቶ ዓመት አልፎታል፤ ወረዳዎቹም ኃይሉን ለራሳቸው ይጠቀሙበታል ወይም ሸጠው ትምህርት ቤት ያሠሩበታል። ኬንያም ከማርሳቢቱ ጣጣ መካከል በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣችው የኢነርጂ ሕግ፣ ከከርሰ ምድር እንፋሎት ኃይል የሚገኘው የሮያሊቲ ገንዘብ 75 ከመቶው ለማዕከላዊው መንግሥት፣ 20 ከመቶው ለካውንቲው፣ 5 ከመቶው ለአካባቢው ማኅበረሰብ እንዲከፋፈል ደንግጋለች። አምስት ከመቶ ትንሽ ናት ሊባል ይችላል። ግን በሕግ የተጻፈች ናትና ሰውየው የሚለምናት ሳይሆን የሚጠይቃት ገንዘብ ናት።

የሚነሱትን ተቃውሞዎች አውቃቸዋለሁ፤ እዚህም ሻይ ቤት ስንከራከርባቸው እናመሻለን።

አንደኛው፣ «የራሳችን ሰው ጨለማ ውስጥ ተቀምጦ ለሌላ አገር እንዴት እንሸጣለን?» የሚለው ነው። ለዚህ የማከብረው ክርክር መልሴ ከላይ ያልሁት ነው። ለሰዋችን የጎደለው ማድረሻው ነው፤ ማድረሻው የሚገዛው በዶላር ነው፤ ዶላሩ የሚገኘው ከሽያጭ ነው። በውጭ ምንዛሪ ለሚከፍሉ የቢትኮይን ኩባንያዎች በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋ ዋት ሸጠናል፤ አዲስ ደንበኛ መቀበል እንደቆመም የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ተናግሯል። ኮምፒውተር ሲያሞቅ ከሚያድር ኃይል ይልቅ የጎረቤትን ጓዳ የሚያበራ ኃይል መሸጥ ያስመሰግናል፤ ዋጋውም የተሻለ ነው። ይህ ክርክር የሚያሸንፈኝ ግን በአንድ ሁኔታ ነው፦ የሽያጩ ዶላር ወደ ገጠር ትራንስፎርመር መሄዱ በሰነድ ካልታየ። ካልታየ፣ ተቃዋሚው እውነት አለው።

ሁለተኛው፣ «እኛ በርካሽ ብንሸጥ ሐርጌሳ ያለው አከፋፋይ ትርፉን ይውጠዋል» የሚለው ነው። ይህ ስጋት ልክ ነው፤ የዚህ ደብዳቤም ዋና ምክንያት እሱ ነው። ሻጭ «ድንበር ላይ አስረክቤያለሁ፣ ከዚያ ወዲያ አያገባኝም» ሊል አይገባውም። ሻጭ ውል ሲገባ ሁኔታ ማስቀመጥ ይችላል።

ሦስተኛው የዚህ ከተማ ሰው የሚያነሳው ነው፤ የጄኔሬተር መካኒኩ፣ የቦቴ ሾፌሩ፣ ናፍጣ ቀጂው ምን ይሁን? ይህን ችላ ያሉ አገሮች ተጸጽተዋል። ደቡብ አፍሪካ በጥቅምት 2022 እ.ኤ.አ. ኮማቲ የሚባለውን የድንጋይ ከሰል ማመንጫ ስትዘጋ፣ ተተኪው ሥራ ሳይዘጋጅ በሩ ቀድሞ ተዘጋ የሚል ቅሬታ ከአካባቢው ሰው ተነሳ፤ ዛሬም ስለ ፍትሐዊ ሽግግር በተወራ ቁጥር ኮማቲ ማስጠንቀቂያ ሆና ትጠቀሳለች። ሐርጌሳ የከሰል ማዕድን የላትም፤ በናፍጣ እንጀራ የሚበላ ሰው ግን ብዙ አላት። እነዚህ ሰዎች ካልታሰቡ መስመሩን የሚቃወመው የመጀመሪያው ሰው ባለ ካፒታሉ ሳይሆን መካኒኩ ይሆናል።

ስለዚህ ውሉ በሚረቀቅበት ጊዜ እነዚህ ነጥቦች እንዲገቡ እጠይቃለሁ።

1. ከጅግጅጋ እስከ ቶጎ ውጫሌ፣ ከውጫሌም እስከ ሐርጌሳ፣ መስመሩ በቅርብ የሚያልፍባቸው ከተሞችና መንደሮች ማከፋፈያና ትራንስፎርመር የፕሮጀክቱ ወጪ አካል ይሁን። «በሁለተኛው ምዕራፍ» የሚባል ቃል አይግባ፤ ሁለተኛ ምዕራፍ ሳይደርስ የቀረባቸውን ፕሮጀክቶች ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ።

2. ከእያንዳንዱ የተሸጠ ኪሎ ዋት ሰዓት የተወሰነ ሳንቲም ኃይሉ ለመነጨባቸውና መስመሩ ለሚያልፍባቸው አካባቢዎች በስማቸው ይቀመጥ። ለምሳሌ ያህል ብቻ ልናገር። ሐርጌሳ ለኢትዮጵያ 10 ሳንቲም ትክፈል፤ ኬንያ ከምትከፍለው በላይ ነው። ከዚያ ላይ አንዱ ሳንቲም ለጉባና ለኦሞ፣ ሌላው ሳንቲም ለመስመሩ ዳር ቀበሌዎች ይሂድ። ለሻጩ ተቋም 8 ሳንቲም ይቀረዋል፤ አሁንም ከኬንያው ዋጋ ይበልጣል።

3. የችርቻሮው ዋጋ ጣሪያ ይኑረው። በዚያው ምሳሌ አከፋፋዩ ለሽቦው፣ ለብክነቱና ለትርፉ 15 ሳንቲም ቢጨምር፣ ቤት የሚደርሰው በ25 ሳንቲም ነው፤ የ50 ግማሽ ማለት ነው። የምጣዱ ሁለት ዶላር ተኩል ወደ አንድ ዶላር ከሩብ ይወርዳል። በእኛ ታሪፍ የመጀመሪያው 50 ኪሎ ዋት ሰዓት ከሁሉ ርካሹ ነው፤ ይህ አሠራር ለዳሚና ለስቴት ሃውስ ነዋሪዎችም ቢደርስ ከኢትዮጵያ የተላከ መልካም ልምድ ይሆናል።

4. የማከፋፈያ ጣቢያዎቹና የአዲሱ መስመር ሠራተኞች ሲቀጠሩ ከጄኔሬተር ሥራ የሚፈናቀሉት ቅድሚያ ያግኙ። አንዳንዱ ጄኔሬተርም ለመጠባበቂያ ይቀመጥ፤ ሆስፒታል ያለ መጠባበቂያ አይሠራም።

5. መስመሩ በሁለቱም አቅጣጫ እንዲሠራ ተደርጎ ይገንባ። በ2011 ዓ.ም. ግንቦትና ሰኔ የግልገል ጊቤ ሦስት ውሃ ቀንሶ አገሩ ሁሉ መብራት በፈረቃ ሲያገኝ፣ ወደ ጎረቤት የሚላከውም ተቋርጦና ተቀንሶ እንደ ነበር ታስታውሳላችሁ። ግድቦቻችን ክረምቱን ሲጠባበቁ የሚጎድሉበት ያ ወቅት የሐርጌሳ አምባ ነፋስ የሚበረታበት ወቅት ነው። እዚህ የነፋስና የፀሐይ ማመንጫ በርክቶ ቢሆን በዚያ ሰኔ ሐርጌሳ ለጅግጅጋ በሸጠች ነበር። የዛሬ ገዢ ነገ ሻጭ የሚሆንበት በር በውሉ ክፍት ይሁን፤ ርካሽ የውሃ ኃይል መጥቶ የአካባቢውን ፀሐይና ነፋስ በእንጭጩ እንዳይቀጭ።

6. ረቂቅ ውሉ ከመፈረሙ በፊት በአማርኛና በሶማልኛ ለሕዝብ ይውጣ። በጅግጅጋ፣ በአሶሳ፣ በጂንካና በሐርጌሳ ሰው ይወያይበት። የሚያሳፍር ቁጥር ከሌለበት የሚደበቅ ሰነድ አይኖርም።

ክቡራን፣ ከናፍጣ ወደ ውሃ፣ ወደ ነፋስና ወደ ፀሐይ መሻገር መልካም ነው ብለን ሁላችን እንስማማለን። የሚያጣላን ማን ቀድሞ ይሻገራል፣ ማንስ ለመሻገሪያው ከፍሎ ከዳር ይቀራል የሚለው ነው። ቆጣሪ የማን ዘር እንደሆንክ አይጠይቅም፤ ማን እንደሚከፍልና ስንት እንደሚከፍል ግን የሚወሰነው ቆጣሪው ከመሰቀሉ በፊት፣ እናንተ በምትቀመጡበት ጠረጴዛ ላይ ነው። በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ የኃይል ሻጭ አለ፣ የገንዘብ አበዳሪ አለ፣ አከፋፋይም ይኖራል። የጉባ ገበሬ፣ በመስመሩ ዳር ያለው የፋፈን አርብቶ አደርና የሐርጌሳ ከሰል ገዢ ግን ወንበር የላቸውም። ወንበር ባይኖራቸው እንኳ በውሉ ውስጥ አንቀጽ ይኑራቸው።

መልሳችሁን ለእኔ በግል ሳይሆን ጥያቄው ለሚመለከተው ሁሉ፣ በይፋ እንድትሰጡ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ከላይ ባስቀመጥኋቸው ምሳሌዎች ውስጥ የማይሠራ ሂሳብ ካለ የሚሠራውን ቁጥር አውጡና አሳዩን፤ እሱም ቢሆን ለውይይቱ ትልቅ መነሻ ይሆናል።

ከአክብሮት ጋር

በሐርጌሳ፣ 26 ጁን የሚኖር ኢትዮጵያዊ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ

ግልባጭ፦
ለሶማሌላንድ የኢነርጂና ማዕድን ሚኒስቴር፣ ሐርጌሳ
ለምሥራቅ አፍሪካ የኃይል ቋት ጽሕፈት ቤት፣ አዲስ አበባ
ለነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን፣ አዲስ አበባ
ለሶማሌ ክልል ምክር ቤት፣ ጅግጅጋ
ለቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ምክር ቤት፣ አሶሳ